ከአፋር የመጣው ጨው፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የቆዳ ፋብሪካዎች ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ከሞጆና ከኮምቦልቻ በሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁትን በተለይ እናመሰግናለን። ቡናው ከኋላ አለ። እኔ እያወራሁ ተነስታችሁ ብትቀዱ ቅር አይለኝም።

ስለ ጨው ልጀምር። ቆዳና ሌጦው እንዳይበሰብስ የምንነሰንሰው ጨው በአብዛኛው ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚመጣ ነው። በመኪና ተጭኖ ደጋ ይወጣል። እኛ ቆዳው ላይ እንነሰንሰዋለን፤ ከዚያ ስንዘፈዝፍ አጥበን እናወጣዋለን። ውሃው ሞጆ ወንዝ ይገባል። ሞጆ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከቆቃ የሚወጣው ደግሞ አዋሽ ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም። እዚያው አፋር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። እንግዲህ ጨዉን ለአፋር መልሰን እየላክን ነው፤ በየመንገዱ ያለውን መስኖ እያጠጣንበት። ተራ የፍሳሽ ማጣሪያ አያስቀረውም። አንዴ ሟሙቷል፣ ያልፋል።

መፍትሔው የሚያስቅ ነው፤ ማራገፍ። ቆዳው ውሃ ሳይነካው፣ ዙሪያው ወንፊት በሆነ ድራም እያሽከረከሩ ጨዉን ማርገፍ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ስንቶቻችን እናደርገዋለን? እጅ አውጡ አልልም።

ዘላቂ አመራረት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከፋብሪካው ጀርባ ያለ ትልቅ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያ ያስፈልጋል፣ አልከራከርም። ግን ወንዝ ከምንጨምረው ውስጥ ብዙው ቆሻሻ ከመባሉ በፊት በዶላር የገዛነው ዕቃ ነበር።

ቆዳውን የምናለፋበትን ኬሚካል፣ ክሮምን እንይ። በተለመደው አሠራር ድራም ውስጥ ከምንጨምረው ክሮም ቆዳው የሚጠጣው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ነው። ቀሪው በቦይ ይሄዳል። 10 ከረጢት ገዝታችሁ 3ቱን ወንዝ ላይ አራግፉ ብትባሉ ማን እሺ ይላል? በየፈረቃው የምናደርገው ግን ይህንኑ ነው። ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነቱን መጠን፣ እንዲሁም ሙቀቱን በደንብ ተቆጣጥሮ ክሮሙን አሟጥጦ የሚያስጠጣ አሠራር ከ90 በመቶ በላይ ያደርሳል። የተረፈውንም ለብቻው አጠራቅሞ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ቢጨምሩበት ክሮሙ ይዘቅጣል። ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ፣ ከአዲሱ ጋር ቀላቅሎ መልሶ መጠቀም ነው። የሚፈልገው ገንዳ፣ ፓምፕ፣ የፒኤች መለኪያና ጠንቃቃ ሰው ነው።

"ለብቻው" ያልኩትን ልብ በሉልኝ። ወጣት ሳለሁ የሠራሁበት አንድ ፋብሪካ፣ ስሙ ይቆየን፣ ሁሉንም ፍሳሽ በአንድ ቦይ ይለቅ ነበር። ከፀጉር ማርገፊያው ሰልፋይድ ይወርዳል። ክሮም ካለበት አሲዳማ ውሃ ጋር ይገናኛል። ያን ጊዜ የሚወጣው ጋዝ የገማ እንቁላል ይሸታል። አንድ ሌሊት ቦዩን ሊጠርግ የወረደ ባልደረባችንን በገመድ ጎትተን አወጣነው። እግዜር ይመስገን ተረፈ። ይህ ጋዝ ሲበዛ አፍንጫ ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብላችሁ ስትረጋጉ ነው የሚገድላችሁ። ሁለተኛ ቦይ መቆፈር ያን ያህል ውድ ነበር? መጀመሪያ መቀላቀል፣ ከዚያ ለመለየት ብር ማፍሰስ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኼ ነው።

መቼም ሐዋሳን የሚያነሳብኝ አይጠፋም። ሐምሌ 2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ የተሠራ ማጣሪያ አለው። ውሃው ተጣርቶ ተመልሶ ይሠራበታል። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ግን መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ጨዋማ ውሃ ማትነን ብዙ ጉልበት ይበላል። የተከመረው ጨውም ማስቀመጫ ይፈልጋል። እኛ ጨዉን በር ላይ ሳናራግፍ እንዲህ ያለ መሣሪያ ብንተክል የመብራት ሂሳቡ ብቻ ያዘጋናል።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ያቀረበው ሐሳብ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ አባል ለ3 ወር ድራም ውስጥ የገባውን ክሮምና በቦይ የወጣውን ይለካ። ቁጥሩን የፋብሪካውን ስም ሳይጽፍ ለጸሐፊያችን ይስጥ። ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ የባሰው ቁጥር የእኔው ሊሆን ይችላል። ከሰዓት በኋላ እንወያይበታለን። አሁን ኦዲተራችን ሪፖርታቸውን ይዘው እየጠበቁ ስለሆነ መድረኩን ለእሳቸው እለቃለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል።