አመል ነው ሕመም? የልጄ ፖኒ ጉዳይ

ቢኒያም፦ እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቻችን። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝንም። የዛሬዋ ባለ ጉዳይ ራሷ ማህሌት ናት።

ማህሌት፦ እኔ አይደለሁም፤ ባለ ጉዳዩ ፈረሱ ነው።

ቢኒያም፦ ፈረስ ነው እንዴ? ፎቶውን ሳየው ጥጃ መስሎኝ ነበር።

ማህሌት፦ (ሳቅ) ፖኒ ነው። ስሙ ቢስኩት ይባላል። ከመሬት እስከ ጫንቃው 122 ሳንቲሜትር ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልክ የሷ ቁመት።

ቢኒያም፦ ለማያውቅ ሰው ልናገር። ፖኒ ማለት ውርንጭላ አይደለም። አድጎ የጨረሰ፣ ግን አጭር ፈረስ ነው። እንግሊዞቹ ከ148 ሳንቲሜትር በላይ ካልሆነ ፖኒ ይሉታል። በዚህ ከሄድን እንጅባራ ያደግኩባቸው ፈረሶች አብዛኞቹ ፖኒ ናቸው ማለት ነው።

ማህሌት፦ ይህን ለአጎትህ ንገራቸዋ።

ቢኒያም፦ እኔ? ሰውዬው ጥር 23 በመጣ ቁጥር ከሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ጋር የሚወጡ ናቸው። «የጋለቡት ፖኒ ነው» ብላቸው ደጃፋቸውን አልረግጥም።

ማህሌት፦ እሺ፣ ወደ ቢስኩት እንመለስ። እኛ ያለነው ቨርጂኒያ ነው። ፈረሱ ያለው ላውደን ካውንቲ ውስጥ ነው። ግማሽ ኪራይ ይሉታል። ባለቤቱ ሌላ ሰው ናት፤ በሳምንት ሦስት ቀን የእኛ ነው። የጀመርነው ኦክቶበር ላይ ነበር። የብርዱን ወራት ሙሉ መልአክ ነበር ብልህ አታምነኝም። ልጄ ጋማውን እየጎነጎነች ቆሞ ያንቀላፋ ነበር።

ቢኒያም፦ ከዚያስ?

ማህሌት፦ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ተቀየረ። መጀመሪያ ኮርቻ ይዘን ስንመጣ ጆሮውን ወደ ኋላ መጣል ጀመረ። የሆዱን ቀበቶ ሳጠብቅ ዞሮ እጄን ሊነክስ ይሞክራል። ቀጥሎ በግራ በኩል ባለችው ማዕዘን ላይ ድርቅ ብሎ መቆም መጣ። ከዚያ ደግሞ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ ሲሸጋገር የኋላ እግሩን እያነሳ መዝለል። ሁለት ጊዜ ጣላት።

ቢኒያም፦ ተጎዳች?

ማህሌት፦ ሄልሜት አድርጋ ስለነበር እግዚአብሔር ይመስገን። ክርኗ ተላጠ። አስተማሪዋ ግን ምን አለች መሰለህ? «ፖኒዎች ተንኮለኞች ናቸው። ልጅቷን ንቋታል። አለንጋ ትያዝ።»

ቢኒያም፦ አሃ! እኛ ዘንድ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጥፋተኛው ዳውላው ሊሆን ይችላል፤ የሚመታው አህያው ነው።

ማህሌት፦ እኔ ግን ያኔ አልገባኝም ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ሄጄ አለንጋውን ገዛሁ። አንድ ቀን ተጠቀመችበት። ቢስኩት ባሰበት። ልጄ ደግሞ ማታ መኪና ውስጥ «እማ፣ ተቆጥቶ አይደለም፣ የሆነ ነገር እየነገረኝ ነው» አለችኝ።

ቢኒያም፦ ልጆች! አጎቴን ታስታውሰኛለች። እሳቸው ፈረስ ሲለግም ወይ ሲራገጥ መጀመሪያ ኮርቻውን ያወርዳሉ። ከዚያ ጀርባውን በመዳፋቸው ቀስ እያሉ ይዳስሱታል። ገጣባ ካገኙ ያ ፈረስ እስኪድን አይጫንም፣ አለቀ። አመለኛ የሚለውን ቃል የሚያወጡት ከዳሰሱ በኋላ ነው።

ማህሌት፦ እኔም በሳቸው መንገድ ነው የሄድኩት፣ ሳላውቃቸው። ግን ደብተር ይዤ።

ቢኒያም፦ ደብተር?

ማህሌት፦ አዎ። «ያስቸግራል» ማለት ምንም አይነግርህም። መቼ? የት? ከምን በፊት? ይኼን መጻፍ ጀመርኩ። በስልክም ቀረጽኩት። ሙከራ ቢጤም አደረግን። አንደኛ፣ ያለ ኮርቻና ያለ ልጅ፣ በረጅም ገመድ ክብ አስኬድነው። ጭራሽ ሰላም። ሁለተኛ፣ ልጄ ባዶ ጀርባው ላይ ተቀምጣ እኔ እየጎተትኩት። አሁንም ሰላም። ሦስተኛ፣ ኮርቻ ተጭኖ ማንም ሳይቀመጥ። ጆሮው ተጣለ፣ እርምጃው አጠረ፣ ጭራውን እንደ ጅራፍ ያወናጭፋል።

ቢኒያም፦ ስለዚህ ልጅቷን ንቆ አይደለም። ልጅቷ እኮ የለችም!

ማህሌት፦ በቃ! እዚያ ጋ ነው የነቃሁት። ባዶ ኮርቻ ማን ይንቃል?

ቢኒያም፦ እስቲ ስለዚያ መለኪያ ንገሪያቸው፤ ባለፈው የነገርሽኝን።

ማህሌት፦ የእንስሳት ሐኪሟ ናት ያሳየችኝ። ሱ ዳይሰን የምትባል እንግሊዛዊት የፈረስ ሐኪም አለች። ከባልደረቦቿ ጋር በ2018 አንድ ጥናት አወጣች። ሰው ተቀምጦበት ሳለ ሕመም ያለበት ፈረስ የሚያሳያቸውን 24 ጠባዮች ለይተዋል። ጆሮን ለ5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ወደ ኋላ መጣል፣ አፍን ከፍቶ መቆየት፣ ራስን መወርወር፣ ጭራ ማወናጨፍ፣ ወደ ፊት አልሄድም ማለት፣ መዝለል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከ24ቱ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከታዩ ሰውነቱ ላይ የሆነ ቦታ ሕመም የመኖሩ ነገር ሰፊ ነው። ቢስኩትን ከቪዲዮው ቆጠርኩት። ዘጠኝ።

ቢኒያም፦ ዘጠኝ! እነዚህን ሁሉ ሌላው ሰው «አመል» ብሎ ይጠቀልላቸዋል።

ማህሌት፦ መለኪያው ግን የት እንዳመመው አይነግርህም። ሐኪም ጥሩ እንጂ ራሳችሁን ሐኪም አድርጉ አይልም።

ቢኒያም፦ የት ነበር ታዲያ?

ማህሌት፦ ብዙ ቦታ! አንድ ቁልፍ ነገር ፈልጌ ነበር፤ ሦስት አራት ሆኖ ተገኘ። ዋናው ኮርቻው ነው። ኮርቻ የሚለካ ባለሙያ መጣ። ኮርቻው ውስጥ ያለው እንጨት ቅስት አለው አይደል? ያ ቅስት ለፈረሱ ትከሻ ጠቦታል። እንደ ጠባብ ጫማ አስበው። ትከሻው ወደ ኋላ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንጨቱ ጋ ይጋጫል። ሲጋልብ ደግሞ የባሰ።

ቢኒያም፦ ኦክቶበር ላይ ግን መልአክ ነበር አላልሽም?

ማህሌት፦ ነበር። ኮርቻው አልጠበበም፣ ፈረሱ ነው የወፈረው! ኤፕሪል ላይ ሣሩ ይወጣል። ለጋ የፀደይ ሣር በስኳር የተሞላ ነው። ፖኒ ደግሞ ከድሃ መሬት የመጣ ዘር ነው፤ ከምንም አግኝቶ ይወፍራል። በዚያ ላይ በረቱ እህል ይጨምርለታል። በዚያ ላይ እኔ አለሁ።

ቢኒያም፦ አንቺ ምን አደረግሽ?

ማህሌት፦ ካሮት። ፖም። እናት አይደለሁ፣ ሳላጎርስ እጄ አያርፍም።

ቢኒያም፦ (ሳቅ) ፈረሱንም «በሞቴ» ብለሽዋል!

ማህሌት፦ ብዬዋለሁ! ሐኪሟ ስትመጣ ኮርቻውን እንኳ አላየችም። በቀጥታ አንገቱን ያዘች። ከጋማው ሥር ደንደን ያለ ስብ ተከምሯል። ከዚያ ሰኮናውን ዳሰሰች፣ ሙቀት እንዳለው ለማየት። ፊቷ ተለወጠብኝ። ላሚናይተስ የሚባል በሽታ አለ። ሰኮናውን ከውስጥ አጥንቱ ጋር የያዘው ሥጋ ይቆጣል። ከባሰ አጥንቱ ቦታውን ይለቃል፤ ፈረሱ መቆም ያቅተዋል። ወፍራም ፖኒ ለጋ ሣር ላይ ሲለቀቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። «ስለ መዝለሉ ትጨነቂያለሽ፣ እኔ የምጨነቀው ስለዚህ ነው» አለችኝ።

ቢኒያም፦ ይዞት ነበር?

ማህሌት፦ አልያዘውም። ቀድመን ደረስን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህሉ ቀረ። ሣር ላይ ሲወጣ አፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ከረጢት ይታሰርለታል፤ በትንሽ በትንሹ ነው የሚደርሰው። ድርቆሹ ተመዝኖ ነው የሚሰጠው።

ቢኒያም፦ የግራዋ ማዕዘንስ? እሷ ነገር አልገባችኝም። ኮርቻ ግራና ቀኝ አይመርጥም።

ማህሌት፦ ጥሩ ጠየቅህ። እሷ ጥርስ ነበረች። የፈረስ ጥርስ ዕድሜ ልኩን እየወጣ፣ እያኘከ ይፈጨዋል። እኩል ካልተፈጨ የላይኞቹ መንጋጋዎች ውጪው ጠርዝ እንደ ምላጭ ይሳላል። የቢስኩት ግራ ጉንጭ ከውስጥ ቆስሏል። ልጄ ወደ ግራ ለመዞር ዛቡን ስትስብ ልጓሙ ያንን ቁስል ጥርሱ ላይ ያጣብቀዋል።

ቢኒያም፦ ውይ! እኔም እቆማለሁ።

ማህሌት፦ ጥርሱ በዓመት ቢያንስ አንዴ መታየትና መሞረድ ነበረበት። ማን ያስሞርደው የሚለው በባለቤቷና በበረቱ መሀል ወድቆ ቀርቷል። ኪራይ ላይ ያለ ፈረስ እንደዚህ ነው፤ ሁሉም ሌላው ያደረገ ይመስለዋል። እኔም አልጠየቅኩም።

ቢኒያም፦ ጀርባው ላይ ምልክት አልነበረም? ገጣባ?

ማህሌት፦ ቁስል የለም። ግን ከትከሻው ጀርባ ግራና ቀኝ ነጭ ፀጉር ነበረው፣ የሳንቲም ያህል። ልጄ «ክንፍ ሊያበቅል ነው» ትል ነበር። እኔም አምሮብኝ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ባለሙያው ሲያየው ዝም አለ። ኮርቻ ለረጅም ጊዜ ሲጫነው ቆዳው ይጎዳና ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። እንደዚያ ያለው ደግሞ በአንድ ወር አይመጣም። ከእኛ በፊት የነበረ ነው።

ቢኒያም፦ ስንት ልጅ ተቀምጦበት፣ ስንት ጊዜ «ተንኮለኛ» ተብሎ ይሆን?

ማህሌት፦ ተወው፣ ያስለቅሰኛል።

ቢኒያም፦ እሺ፣ ኮርቻው ተቀየረ፣ ጥርሱ ተሞረደ። ተፈታ?

ማህሌት፦ አልተፈታም! ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሰፋ ያለ ያገለገለ ኮርቻ አገኘን። ጆሮው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ መናከሱ ቀረ። ግልቢያ ላይ መዝለሉም ቀነሰ። ያቺ ማዕዘን ጋ ግን አሁንም ድርቅ።

ቢኒያም፦ ለምን? ሕመሙ ሄዷል።

ማህሌት፦ ትምህርቱ ግን አልሄደም። አስበው፣ ለአንድ ወር ያህል እዚያ ማዕዘን በቆመ ቁጥር ምን ይከተል ነበር? ልጄ ትፈራና ትወርዳለች። ለፈረስ ከዚህ የበለጠ ሽልማት የለም። «እዚህ ስቆም ያ የሚያመኝ ነገር ይወርዳል» ብሎ ተማረ። ብልጥ ተማሪ ነው።

ቢኒያም፦ ልጅቷም ተምራለች።

ማህሌት፦ እሷ ነች የከበደችው። ማዕዘኗ ስትቃረብ ጉልበቷ ይጨመቃል፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ዛቡን ሙጭጭ ታደርጋለች።

ቢኒያም፦ ፈረስ እኮ አንዲት ዝንብ ስታርፍበት እዚያችው ቦታ ላይ ቆዳውን ያንቀጠቅጣል። ዝንብ የሚሰማው የሷን ጉልበት አይሰማውም?

ማህሌት፦ ስለዚህ ወደ ኋላ ተመለስን። ሌላ አስተማሪ አገኘን፣ ወጣት ልጅ ናት፣ ታጋሽ። በረጅም ገመድ እሷ ይዛው፣ ልጄ ዛቡን ትታ ጋማውን ብቻ ይዛ፣ በእርምጃ ብቻ። ማዕዘኗ ጋ ሲደርሱ ልጄ ዘፈን ትዘፍናለች።

ቢኒያም፦ ዘፈን?

ማህሌት፦ እየዘፈንክ ትንፋሽ መያዝ አትችልም። ከዚያ ደግሞ ስትወርድ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው የምትወርደው፤ እዚያች ማዕዘን ጋ በጭራሽ። አምስት ሳምንት ፈጀ። አለንጋው የት እንዳለ አላውቅም።

ቢኒያም፦ አድማጮች ሳይጠይቁሽ ልጠይቅ። ሆድስ? እኔ የፈረስ ጨጓራ ይቆስላል ሲባል ሰምቻለሁ።

ማህሌት፦ ይቆስላል። የፈረስ ጨጓራ አሲድ የሚያመነጨው ሲበላ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሌሊቱን ነው። አሲዱን የሚያለዝበው ምራቁ ደግሞ የሚመጣው ሲያኝክ ብቻ። ስለዚህ ረጅም ሰዓት ሳይበላ ከቆየ አሲዱ ሥራ ፈቶ ጨጓራውን ይጀምራል። ቀበቶ ሲጠብቅ መናከስም አንዱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሐኪሟ በዝርዝሯ ላይ ይዛው ነበር። ኮርቻው ሲቀየር መናከሱ ስለቆመ በካሜራ ማየቱን ተወችው። ባይቆም ኖሮ ቀጣዩ እሱ ነበር።

ቢኒያም፦ አሁንስ? የመጨረሻውን ዜና ንገሪን።

ማህሌት፦ ቅዳሜ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ገመዱ ተፈታ። ብቻዋን። ሶምሶማ። አንድ ዙር ሄዱ፣ ሁለት ዙር። በሦስተኛው ማዕዘኗ ጋ ሲደርሱ ቢስኩት ቀጥ ብሎ ቆመ።

ቢኒያም፦ አይ!

ማህሌት፦ ልቤ ወረደ። ደብተሬን አወጣሁ። አስተማሪዋ ሮጣ ወጣች። ልጄ ግን ላዩ ላይ ሆና ትስቃለች። እግሮቹን ፈርከክ አደረገ...

ቢኒያም፦ አትበይኝ!

ማህሌት፦ ሸና። ረጅም ሽንት። ጨረሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሶምሶማውን ቀጠለ።