ኖትስ ካውንቲ፦ ከሕጉ በፊት የተወለደው ክለብ

[ምስል፦ የትሬንት ወንዝ ከላይ ሲታይ፤ በግራና በቀኝ ሁለት ስታዲየሞች]

በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል በምትገኘው የኖቲንግሃም ከተማ፣ በትሬንት ወንዝ ማዶና ማዶ ሁለት የእግር ኳስ ስታዲየሞች ይታያሉ። በደቡቡ ዳርቻ የሚጫወተው ኖቲንግሃም ፎረስት በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ በተከታታይ ያነሣ ክለብ በመሆኑ ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በሰሜኑ ዳርቻ፣ ሜዶው ሌን በተባለው ሜዳ የሚጫወተው ጎረቤቱ ኖትስ ካውንቲ ግን ዛሬ በታችኞቹ ዲቪዚዮኖች የሚገኝና በቴሌቪዥን እምብዛም የማይታይ ክለብ ነው። ይህ ቪዲዮ ስለ እርሱ ነው። በየሳምንቱ የምንመለከተው እግር ኳስ ከኖትስ ካውንቲ የወረሰው ብዙ ነገር ስላለ፣ ታሪኩ ከዋንጫዎቹ ቁጥር በላይ ሊነገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በትረካው የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

[ምስል፦ የአሮጌ ኖቲንግሃም ሥዕሎች]

ክለቡ የተመሠረተው በ1862 ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የተቋቋመው ደግሞ በ1863 ነው። ይህ ማለት ኖትስ ካውንቲ ሲወለድ የአገሪቱን እግር ኳስ የሚያስተዳድር ማኅበርም ሆነ ሁሉም የተስማማበት የጨዋታ ሕግ አልነበረም፤ በእጅ መያዝ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል፣ በአንድ ወገን ስንት ሰው ይሰለፍ የሚለው ሁሉ ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አባላቱ ለሁለት ተከፍለው እርስ በርሳቸው ይጫወቱ ነበር፤ በ1864 መጨረሻ ላይ ተሰብስበው ክለቡን መደበኛ ቅርጽ አስያዙት። በዕድሜ የሚበልጠው ሼፊልድ ኤፍ ሲ የሚባል የ1857 ክለብ ቢኖርም፣ እርሱ በአማተርነት ስለቀጠለ፣ በዓለም ላይ ካሉት ፕሮፌሽናል ክለቦች አንጋፋው የሚባለው ኖትስ ካውንቲ ነው።

በ1888 በዊልያም ማክግሬገር አሳሳቢነት አሥራ ሁለት ክለቦች ተሰብስበው የእግር ኳስ ሊግን ሲመሠርቱ ኖትስ ካውንቲ አንዱ ነበር። ከዚያ በፊት ክለቦች የሚኖሩት በወዳጅነት ጨዋታና በዋንጫ ውድድር ብቻ ስለነበር፣ ተጋጣሚ ከቀረ ወይም ክለቡ ከዋንጫው በጊዜ ከተሰናበተ የሜዳ ገቢ አይኖርም፤ ደሞዝ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች በ1885 ከተፈቀዱ ወዲህ ደግሞ የተረጋገጠ ገቢ የግድ ሆነ። መርሐ ግብሩ አስቀድሞ የታወቀ፣ እያንዳንዱ ክለብ ከሌላው ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጭ የሚገናኝበት ሥርዓት የተፈጠረው ለዚህ ነው። ኋላ ብዙ አገሮች ይህንኑ አሠራር ወሰዱት። ኖትስ ካውንቲ በዚያ የመጀመሪያ የውድድር ዘመን ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንደኛ ሆኖ መጨረሱ ለክለቡ ቀጣይ ሕይወት እንደ ትንቢት ሊቆጠር ይችላል።

[ምስል፦ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ፣ በቅርበት]

አሁን ወደ 1891 እንሂድ፤ በክለቡ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ክስተት የሚገኘው እዚያ ነው። በኤፍ ኤ ካፕ ሩብ ፍጻሜ ኖትስ ካውንቲ ከስቶክ ጋር ሲጫወት፣ 1 ለ 0 እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ስቶኮች የመቱት ኳስ መረብ ሊነካ ሲል የኖትስ ተከላካይ በግቡ መስመር ላይ በእጁ መለሰው። በወቅቱ የነበረው ሕግ ለስቶክ የሚሰጠው ተራ ቅጣት ምት ብቻ ነበር። ኳሱ ከግቡ መስመር አጠገብ ተቀመጠ፣ የኖትስ ግብ ጠባቂ ፊት ለፊቱ ቆሞ መንገዱን ዘጋው፣ ምቱም ከሸፈ። ኖትስ አለፈ፤ ስቶክ በግልጽ የተገባውን ግብ አጣ።

ከግብ ጠባቂ ጋር ብቻ ለብቻ የሚመታ ቅጣት ይኑር የሚለውን ሐሳብ ዊልያም ማክረም የተባለ አየርላንዳዊ ግብ ጠባቂ ከአንድ ዓመት በፊት አቅርቦት ነበር፤ ጨዋ ሰው ሆን ብሎ አያጠፋም የሚል ክርክር በርትቶበት ተቀባይነት አላገኘም። የስቶክ በደል ግን ያ ክርክር ከሜዳው እውነት ጋር እንደማይሄድ ስላሳየ፣ በዚያው ዓመት ጁን ላይ የፍጹም ቅጣት ምት በሕግነት ጸደቀ። በዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎች ሚሊዮኖችን ትንፋሽ የሚያሳጣው ምት ወደ ሕግ መጽሐፉ የገባው ይህ ጥፋት የቀሰቀሰው ክርክር ካየለ በኋላ ነው።

ኖትስ በዚያው ዓመት እስከ ፍጻሜ ቢደርስም ዋንጫውን አላገኘም። ከፍጻሜው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በሊጉ ብላክበርን ሮቨርስን 7 ለ 1 አሸንፎ የነበረ ቢሆንም፣ በፍጻሜው በዚያው ብላክበርን 3 ለ 1 ተሸነፈ። ዋንጫው የመጣው በ1894 ነው፤ ያኔ ኖትስ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ይጫወት ነበር። በሊቨርፑል ከተማ በጉዲሰን ፓርክ በተደረገው ፍጻሜ ቦልተንን 4 ለ 1 ሲረታ፣ ስኮትላንዳዊው አጥቂ ጂሚ ሎጋን ሐትሪክ ሠራ። ከዋናው ዲቪዚዮን ውጭ ሆኖ የሊጉ ክለብ ኤፍ ኤ ካፕን ሲያነሣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሎጋን ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ በሳንባ ምች ሞተ፤ መቃብሩም ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ምልክት ቆየ። የፍጻሜ ሐትሪክ የሠራ ሰው እንዲህ ተረስቶ መቆየቱ ያሳዝነኛል፤ በ2017 የመታሰቢያ ድንጋይ የተተከለለት ዘመናት ካለፉ በኋላ ነው።

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ባለ መስመር ማሊያ]

የጁቬንቱስ ደጋፊ የሆናችሁ ተመልካቾች የምትወዱት ማሊያ ከዚህ ክለብ የተወሰደ ነው። ጁቬንቱስ በ1897 ሲመሠረት ሮዝ ቀለም ያለው ሸሚዝ ይለብስ ነበር፤ ቀለሙ በእጥበት ብዛት ሲደበዝዝ፣ በ1903 ጆን ሳቬጅ የተባለ በቱሪን የሚኖር እንግሊዛዊ አዲስ ማሊያ ከአገሩ እንዲያስመጣ ተጠየቀ። ከኖቲንግሃም የመጣው የኖትስ ካውንቲ ጥቁርና ነጭ መስመር ሆነ። ቱሪን ውለታውን አልረሳችም፤ ጁቬንቱስ በሴፕቴምበር 2011 አዲሱን ስታዲየሙን ሲመርቅ የጋበዘው ተጋጣሚ በወቅቱ በእንግሊዝ ሦስተኛ ዲቪዚዮን የነበረውን ኖትስ ካውንቲን ነው፤ ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ።

ኖትስ በ1910 ወደ ሜዶው ሌን ከተዛወረ በኋላ በዋናውና በሁለተኛው ዲቪዚዮን መካከል ሲመላለስ ቆይቶ፣ በ1926 ከከፍተኛው እርከን ሲወርድ ለመመለስ 55 ዓመታት ፈጅቶበታል።

[ምስል፦ የ1940ዎቹ ጥቁርና ነጭ ፊልም]

በእነዚያ ዓመታት መካከል ግን አንድ ለማመን የሚያስቸግር ዝውውር ተፈጸመ። በኖቬምበር 1947 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የመሐል አጥቂ የነበረው ቶሚ ላውተን ከቼልሲ ወደ ኖትስ ካውንቲ ተዛወረ፤ ኖትስ ያኔ በሦስተኛው ዲቪዚዮን ሲሆን፣ የተከፈለው 20,000 ፓውንድ የብሪታንያ ክብረ ወሰን ነበር። ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ በቼልሲ የማሳጅ ባለሙያ የነበረው ወዳጁ አርተር ስቶለሪ የኖትስ አሠልጣኝ ሆኖ ስለነበር ላውተን የተከተለው እርሱን ነው። የአገሩ ምርጥ አጥቂ በሦስተኛ ዲቪዚዮን ሜዳዎች ሲጫወት ለማየት ሕዝቡ ጎረፈ። በ1950 ቡድኑ ጎረቤቱን ፎረስትን 2 ለ 0 በማሸነፍ ማደጉን አረጋገጠ፤ በዚያ የውድድር ዘመን ሁለቱም የከተማዋ ክለቦች በዚያው ዲቪዚዮን ነበሩ።

ከዚያም ክለቡ እስከ አራተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ከዚህ ያወጣው ከግላስጎው የመጣው አሠልጣኝ ጂሚ ሲረል ነው። ሲረል በ1969 ኖትስን ተረክቦ በ1971 ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ በ1973 ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ አሳደገው፤ በ1975 ወደ ሼፊልድ ዩናይትድ ሄዶ በ1977 ከተመለሰ በኋላ ደግሞ በ1981 ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን አደረሰው። አንድ አሠልጣኝ ያንኑ ክለብ ከመጨረሻው የሊግ እርከን አንሥቶ እስከ መጀመሪያው ሲያደርስ ማየት ብርቅ ነው። በመክፈቻው ጨዋታ ኖትስ የወቅቱን ሻምፒዮን አስቶን ቪላን በሜዳው 1 ለ 0 አሸነፈ። ዛሬ በሜዶው ሌን ደጃፍ የሲረልና የረዳቱ የጃክ ዊለር ሐውልት ቆሟል።

በ1984 ተመልሶ የወረደው ክለብ በኒል ዋርኖክ ሥር በ1990 እና በ1991 በተከታታይ በዌምብሌይ የፕሌይ ኦፍ (ለማደግ የሚደረግ የመለያ ውድድር) ፍጻሜዎችን አሸንፎ ወደ ከፍተኛው ዲቪዚዮን ተመለሰ። ሆኖም በ1992 ከሉተን ታውንና ከዌስት ሃም ጋር ወረደ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ፕሪሚየር ሊግ ተጀመረ። ሊግ የሚባለውን ሐሳብ ከመሠረቱት ክለቦች አንዱ፣ የቴሌቪዥን ገንዘብ እንደ ጎርፍ በፈሰሰበት አዲስ ሊግ ደጃፍ ላይ ሳለ፣ በአንድ የውድድር ዘመን ልዩነት ውጭ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በዋናው ሊግ ተጫውቶ አያውቅም። ለእኔ የክለቡ ዘመናዊ ታሪክ የተወሰነው በዚያች ጸደይ ነው።

[ምስል፦ የ2009 የጋዜጣ ርዕሶች]

የገንዘብ ችግር ክለቡን ከ2002 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል በፍርድ ቤት በተሾመ አስተዳዳሪ እጅ አቆየው። ከዚያ መትረፉን ተከትሎ አብዛኛውን ድርሻ የያዘው የደጋፊዎች ማኅበር፣ በ2009 ሙንቶ ፋይናንስ ለተባለ ድርጅት ድርሻውን ለማስረከብ ድምፅ ሰጠ። ድርጅቱ ክለቡን ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደርሳለሁ አለ። የቀድሞው የእንግሊዝ አሠልጣኝ ስቬን ጎራን ኤሪክሰን የእግር ኳስ ዳይሬክተር ሆነ፤ ግብ ጠባቂው ካስፐር ሽማይክል መጣ፤ ሶል ካምቤልም ፈረመ። ካምቤል በሞርካምብ 2 ለ 1 የተሸነፉበትን አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ሄደ። ተስፋ የተደረገው ሀብት በእርግጥ አልነበረም፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ክለቡ በ1 ፓውንድ ተሸጠ፣ በፌብሩዋሪ 2010 ደግሞ እንደገና በ1 ፓውንድ ለሌላ ባለቤት ተላለፈ። ደጋፊዎቹ ክለባቸውን ያስረከቡት በቅንነት ስለነበር የደረሰባቸው እጅግ ከባድ ነው። ተጫዋቾቹ ግን በዚያ ትርምስ መካከል የሊግ ቱ ሻምፒዮን ሆኑ፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል።

እዚህ ላይ የእንግሊዝን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ከፕሪሚየር ሊግ በታች ቻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋን እና ሊግ ቱ አሉ፤ በአራቱ እርከኖች ያሉት ክለቦች 92 ናቸው። ከሊግ ቱ የሚወርድ ክለብ ናሽናል ሊግ ወደሚባለው አምስተኛ እርከን ይገባል፤ በዚያ ገቢው በእጅጉ ይቀንሳል፣ የመመለሻው በርም ጠባብ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ሻምፒዮንና አንድ የፕሌይ ኦፍ አሸናፊ ብቻ ያልፋሉ። በሜይ 2019 ኖትስ ካውንቲ በስዊንደን ተሸንፎ ወደዚያ ወረደ። ከ1888 ጀምሮ የሊጉ አባል የነበረ መሥራች ክለብ ከሊጉ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። በዚያው ጊዜ ደሞዝ ዘግይቶ፣ ክለቡ እንዲፈርስ የሚጠይቅ የዕዳ ክስ ቀርቦበት ነበር።

[ምስል፦ ሜዶው ሌን፣ የተሞሉ የተመልካች መቀመጫዎች]

በጁላይ 2019 ክለቡን የገዙት ክሪስቶፈር እና አሌክሳንደር ሬድትዝ የተባሉ ዴንማርካውያን ወንድማማቾች፣ የእግር ኳስ መረጃ የሚተነትን ኩባንያ ባለቤቶች ናቸው። ስም ያላቸውን ተጫዋቾች ከማሳደድ ይልቅ በታችኞቹ ሊጎች ያልታዩትን በቁጥር እየመረመሩ መፈለግ ጀመሩ። በ2022 ከጌትስሄድ ያመጡት ማኮሌይ ላንግስታፍ በአንድ የውድድር ዘመን 42 የሊግ ግቦችን አስቆጠረ፤ ይህም የናሽናል ሊግ ክብረ ወሰን ነው። ሜዶው ሌን በአምስተኛ እርከን ጨዋታ ከ16,000 በላይ ተመልካች አስተናገደ።

በ2022/23 ኖትስ 107 ነጥብ ሰብስቦ፣ 117 ግብ አስቆጥሮ፣ ሦስት ጨዋታ ብቻ ተሸንፎ ሁለተኛ ሆነ፤ ሬክስሃም 111 ነጥብ ስለነበረው። በኤፕሪል ሁለቱ ሲገናኙ ሬክስሃም 3 ለ 2 እየመራ በባከነ ሰዓት ኖትስ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ፣ የሴድዊን ስኮትን ምት ግን ቤን ፎስተር አዳነው። ስለዚህ መንገዱ በፕሌይ ኦፍ ሆነ። በግማሽ ፍጻሜ በቦርሃም ውድ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ በተጨማሪው ሰዓት መገባደጃ 3 ለ 2 አሸነፈ። በፍጻሜው በዌምብሌይ ከቼስተርፊልድ ጋር 2 ለ 2 ከተለያየ በኋላ፣ ለመለያ ምት ሲባል ተቀይሮ የገባው ግብ ጠባቂ አርቺ ሜር ምቶችን አድኖ ኖትስ 4 ለ 3 አሸነፈ። ከ132 ዓመታት በፊት ለዚህ ምት መጽደቅ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ክለብ፣ ወደ ሊጉ የተመለሰው በዚያው ምት ነው።

ላንግስታፍ በቀጣዩ ዓመት በሊግ ቱ 28 ግቦችን አስቆጥሮ በ2024 ወደ ሚልዎል ሄደ፤ አሠልጣኙ ሉክ ዊልያምስም አስቀድሞ በስዋንሲ ተወስዶ ነበር። ያልታወቀን ሰው ፈልጎ የሚያሳድግ ክለብ፣ ያሳደገው ሰው ሲታወቅ ለማቆየት አቅም አይኖረውም፤ ስለዚህ ፍለጋው በየዓመቱ ከአዲስ ይጀምራል። በ2025 በሊግ ቱ ፕሌይ ኦፍ ግማሽ ፍጻሜ በኤ ኤፍ ሲ ዊምብልደን ተሸንፎ ወደ ሊግ ዋን ሳያልፍ ቀረ፤ በዚያ እርከን ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በ2015 ነው።