ጥርስ የሚያበልዘው ጥርት ያለ ውሃ

[ምስል፦ ቦኖ ፊት የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች]

ይህን ውሃ እዩት። ጥርት ያለ ነው፣ አይሸትም፣ ሲጠጡትም የሚያስጠረጥር ነገር የለውም። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ፣ ከመተሐራ በመቂና በዝዋይ በኩል እስከ ሐዋሳ ባሉ ብዙ ቦታዎች፣ እንዲህ ያለ የጉድጓድ ውሃ የልጆችን ጥርስ ሲያበልዝ ኖሯል። ምክንያቱ ውሃው ውስጥ የሟሟ፣ በዓይን የማይታይ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ነው።

[ምስል፦ የተቆረጠ የመሬት ገጽታ፣ ድንጋይና ውሃ]

ፍሎራይዱ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በድንጋዩ ውስጥ ብዙ ዘመን ሲቆይ፣ በተለይ ሞቃት ከሆነ፣ እያሟሟ ይወስደዋል። ካልሲየም ቢበዛ ይዞ ያስቀረው ነበር፤ የዚህ ምድር ውሃ ግን ካልሲየሙ አነስተኛ ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ጠልቆ መቆፈር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ፣ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ሁሉ፣ የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ያለ ልጅ ይጎዳል። በጣም የበዛበትን ውሃ ለዓመታት የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱ ይታመማል። ሐኪሞች ይህን በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ሠራተኞች ላይ አይተው መዝግበዋል። ወገብና አንገት አልታጠፍ ይላል፤ የደረሰው ጉዳትም አይመለስም።

ማፍላት አይጠቅምም። ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር እንዲያውም ይብሳል። ክሎሪንም አይነካውም።

[ምስል፦ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ቀይ ፈሳሽ]

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ለቤት ፍጆታም ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል። ሕጉ አለ፣ ደረጃውም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ የርክክቡ ቀን ነው። ጉድጓድ ሲመረቅ ጎልቶ የሚነገረው በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ነው። የፍሎራይዱ ልክ ግን የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ጉድጓዱን ከመረከቡ በፊት ተመርምሮ፣ ቦኖው ላይ በትልቁ መጻፍ አለበት። ምርመራው ይህን ያህል ከባድ አይደለም፦ ናሙናው ላይ ቀይ መመርመሪያ ፈሳሽ ይጨመራል፣ ፍሎራይዱ በበዛ ቁጥር ቅላቱ ይደበዝዛል፣ መሣሪያው ያንን አንብቦ ቁጥሩን ይሰጣል።

ማጣሪያም አለ። አሉም በሚባል ጨውና በኖራ፣ ወይም ከከብት አጥንት በተሠራ ከሰል ይጣራል። ከሰሉ ግን ፍሎራይድ ሲጠግብ መያዙን ያቆማል፤ ውሃው መጥራቱን ስለማይተው ማንም ሳያውቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ለዚህ ነው የመለወጫው ወጪ ከመጀመሪያው በውሃው ታሪፍ ውስጥ መታሰብ ያለበት፣ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትም እየተመላለሰ መለካት ያለበት። ከደጋ ምንጭ በቧንቧ ማምጣት የሚቻልበት ቦታ ላይ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

እስከዚያው፣ ቀበሌያችሁ በዚህ መስመር ላይ ከሆነ የጉድጓዳችሁን የምርመራ ውጤት ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ። ቁጥሩ ከ1.5 ካለፈ ያንን ውሃ ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ አድርጉት። በንጽሕና የተያዘ የዝናብ ውሃ ወይም ፍሎራይዱ አነስተኛ የሆነ የምንጭ ውሃ ካገኛችሁ፣ ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ልጆች መጠጥና ምግብ መሥሪያ አስቀድሙት።