ቃል የገባው ሌላ፣ ሪፖርት የሚያቀርበው ሌላ

የተከበራችሁ የአምራቾች ማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

የዶላሩንና የመብራቱን ነገር ዛሬ ለከሰዓት ውይይት ትቼዋለሁ። እኔ ማንሳት የፈለግሁት የአራት ኪሎውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ግን ማን ይጠየቅ? በ2004 የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ከአገራዊ ምርቱ ቢያንስ 1.5 በመቶ ለዘርፉ እንዲመደብ ይላል። ያኔ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ነበረ። በ2011 ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሆነ። በዚያው ዓመት ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ከንግድ ጋር ተዋሐደ፤ በ2014 ደግሞ ተለየ። ታፔላው በተቀየረ ቁጥር አዲስ ዕቅድ ይመጣል። የድሮውን ፋይል ማን እንደሚዘጋው አይታወቅም።

ስኳርን አስታውሱ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2007 ምርቱ 2.25 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ተብሎ ነበር። ዕቅዱ ሲያልቅም ስኳር ከውጭ እናስገባ ነበር። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ዕቅዱ ለምን ተለጠጠ የሚለው አይደለም። በየዓመቱ ሪፖርት ሲደመጥ የት ደረሰ ብሎ አጥብቆ የያዘው ማን ነበር?

አሁን ደግሞ «የማምረት አቅም አጠቃቀም» የሚባል፣ ፋብሪካዎች ማምረት ከሚችሉት ስንት በመቶውን እንዳመረቱ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲያድግ ደስ ይላል፤ ይጨበጨባል። ግን የተዘጉ ፋብሪካዎች ከስሌቱ ከወጡ፣ የቀሩት አንድ ኩንታል ሳይጨምሩ መቶኛው ከፍ ሊል ይችላል። ይህንን የምክር ቤት አባል ከወንበሩ ሆኖ ከየት ያውቀዋል? ማሽኑን ያቆመው እሱ አይደለም። እኛ ነን። እኛ ደግሞ የምናማርረው ቡና ላይ ነው፤ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ፊት ስንቀርብ «ጅምሩ ጥሩ ነው» ብለን እንወጣለን።

የሥራ አመራር ቦርዱ አንድ ሐሳብ ይዞ ቀርቧል። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የቀጣዩ ዓመት በጀትም ከዚያ በፊት ይጸድቃል። ስለዚህ የዘጠኝ ወሩ ሪፖርት ከመሰማቱ በፊት እያንዳንዱ አባል በየወሩ ያመረተውን፣ የቆመበትን ቀንና ምክንያቱን ጽፎ ለጽሕፈት ቤታችን ይስጥ። የድርጅት ስም አይወጣም። ድምሩን ለቋሚ ኮሚቴው በጽሑፍ እናስገባለን። ቅጹ ከአጀንዳው ጋር ተያይዟል። ረዘመ የምትሉ ካላችሁ አሁኑኑ እንቀንሰው፤ ውይይቱ ክፍት ነው።