አይዞህ አላበደም

(ደሴ ውስጥ በአንድ የሰፈር እድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

አሥር ደቂቃ ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ውሻዬ ስለ አይዞህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። መንገድ ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥ «አብዷል! በለው!» ተባለ፤ ድንጋይ ተነሳ። ከሱቅ ሮጬ እስክደርስ ሁለቱ አርፈውበታል። የወረወሩትን ልጆች ልከስ አልመጣሁም። ፈርተው ነው። የፈሩትን ነገር ላስረዳ ነው የቆምኩት።

አይዞህ አላበደም። የሚጥል በሽታ ነው ያለበት።

ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ክረምት ነበር፤ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ የማይታይበት ሰሞን። ሰኞ ገበያ አካባቢ ቦይ ውስጥ ተኝቷል። አንገቱ ላይ የታሰረው ሲባጎ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ነበር። ቤት ካመጣሁት በኋላ አሥራ አንድ ቀን ከእንጨት ክምሩ ሥር አልወጣም። እኔም ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ሳህኑን ባስቀመጥኩ ቁጥር «አይዞህ፣ አይዞህ» እለዋለሁ። የጎረቤት ልጆች በአጥር ሰምተው ስሙ መሰላቸው። በዚያው ጸና።

ፍርሃቱ የገባኝ በጫማዬ ነው። የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ሽንቱን ይለቅና ይሸሻል። ምን እንዳደረግኩት ግራ ገብቶኝ ከረምኩ። ለካስ በእኛ አገር ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ ሊያነሳ ነው! ውሻ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ጫማዬን ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው የማስረው።

«ውሻ ደግሞ ይሄን ያህል ምን ያስፈራዋል?» የምትሉ ካላችሁ፣ ጦርነቱ ከተማችን የገባበትን ጥቅምት 2014ን አስታውሱ። ከዚያ በኋላ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ልባችን የዘለለው ለስንት ወር ነበር? እኛ እንኳን «አይዞሽ፣ ጎማ ነው» የሚለን ሰው ነበረን። ለእሱ በቃል ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ምግቡን አቀርብና ጀርባዬን ሰጥቼ ቁጭ እላለሁ። ዓይኑን ትኩር ብዬ አላይም፤ ያ ለውሻ ጠብ ነው። እጄንም ከአናቱ በላይ አልዘረጋም። በሁለተኛው ወር አንድ ማታ ከኋላ መጥቶ አፍንጫውን ክርኔ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። እግሬ እስኪደነዝዝ ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ።

በሽታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአንጎል ሴሎች በአንዴ ሥርዓት ያጡና የተዘበራረቀ የኤሌክትሪክ ምልክት ይለቃሉ። በሰውም በውሻም ላይ የሚሆነው አንድ ነው። ጋኔን አይደለም፤ የሚጥል በሽታ ራሱም አይተላለፍም። አይዞህ ሲጥለው በጎኑ ይወድቃል፣ እግሮቹ እንደሚሮጥ ይራገጣሉ፣ አረፋ ይደፍቃል። አንድ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሲነሳ ለጊዜው ዓይኑ ስለማያይለት ግድግዳ ይገጫል። ከዚያ ይርበዋል።

ቅዳሜ ዕለት ድንጋይ ሲወረወር አንዲት እናታችን ክብሪት ጭረው «አሽቱት! አሽቱት!» እያሉ ወደ እሱ ይሮጡ ነበር። እዚህ ተቀምጠዋል። እማማ፣ የክብሪት ጭስ ለዚህ በሽታ አይረዳም፤ ለሰውም ቢሆን። ግን ሰው ሁሉ አበደ ሲል እርስዎ ታመመ አሉ። ከእናንተ የምለምነው ይህንኑ ነው።

ሲወድቅ ካያችሁት እጃችሁን ወደ አፉ አታስገቡ። ውሻ ምላሱን አይውጥም፤ ሳያውቀው ግን ሊነክስ ይችላል። ልጆችን አርቁ፣ መኪና አስቁሙ፣ ሰዓት ያዙና ጥሩኝ። 5 ደቂቃ ካለፈው ለሕይወቱ ያሰጋል፤ ወዲያው ሐኪም ያስፈልገዋል።

የእብድ ውሻ በሽታን አቅልላችሁ እዩ ማለቴ አይደለም። እሱም ሊያንፈራግጥ ይችላል። የማታውቁት ውሻ ከሆነ ራቁትና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብና ያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። አይዞህ ግን በየዓመቱ ይከተባል፤ ወረቀቱ ይኸው። ለመሆኑ ከመካከላችን ስንቶቻችን ውሾቻችንን አስከትበናል? በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። በድንጋይ አይበጠስም። የቤታችንን ውሾች በአንድ ቀን እናስከትብ፤ ሐኪሙን እኔ አነጋግራለሁ።

አይዞህ ለሚጥል በሽታው የሚወስደው መድኃኒት ፌኖባርቢታል ይባላል። ሐኪም ነው የሚያዘው። ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ይውጣል፤ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን። ቢሻለውም በአንዴ አይቋረጥም፤ ከተቋረጠ ብሶ ይጥለዋል። ጉበቱን ሊጎዳ ስለሚችል ደሙ በየጊዜው ይመረመራል። ይጠማዋል፣ ይርበዋልም። «አታበላውም እንዴ?» ያላችሁኝ ጎረቤቶች፣ መድኃኒቱ ነው። ኪኒኑን ሳንባ ውስጥ ደብቄ አጎርሰዋለሁ። ባዶ ጉርሻ፣ ኪኒን ያለበት ጉርሻ፣ ቶሎ ደግሞ ሌላ ባዶ። ጾም ሲገባ የእኛ ስጋ ቤት ይዘጋል፤ ያኔ ሳንባውን የሚያስቀምጡልኝ ሙስሊም ወንድሞቻችን ናቸው። በዚህ አጋጣሚ አላህ ይስጥልን እላለሁ። አደራ፣ የወጥ ትራፊ አትስጡት። ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል።

በመጨረሻ ለእናንተ ለልጆቹ። ድንጋይ የወረወራችሁትም ኑ፤ አልቆጣም። ደጃፌ ላይ ስታገኙት አትጥሩት፣ አትከቡት። ጎናችሁን ሰጥታችሁ መሬት ላይ ተቀመጡና እርስ በርሳችሁ አውሩ። ዛሬ ላይመጣ ይችላል። ነገም እንደዚያው። ከመጣ ደረቱን እንጂ አናቱን አትንኩ።

ሰዓቱ 11:40 ሆኗል። ዳኛችን፣ ይቅርታ፣ ቀሪውን ስብሰባ አልካፈልም። ኪኒኑን ልስጠው ልሂድ። አመሰግናለሁ።