ማይኩን አስቀምጦ ብሩሽ ያነሳው ካፒቴን ቢፍሃርት

እንደምን ከረማችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች! ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ጋቢዬን ደርቤ ነው የተቀመጥኩት።

የዛሬው ሰው አሜሪካዊ ሮከር ነው። ስሙ ዶን ቫን ቭሊት። መድረክ ላይ ግን ካፒቴን ቢፍሃርት ነው። ዘፈነ፣ ዘፈነ፣ ከዚያ ማይኩን አስቀመጠና ሠዓሊ ሆነ። ወደ ዘፈን አልተመለሰም። ጭራሽ አልተመለሰም!

እ.ኤ.አ. በ1941 ካሊፎርኒያ፣ ግሌንዴል ተወለደ። ቤተሰቡ በኋላ ወደ በረሃው፣ ላንካስተር ወደምትባል ከተማ ሄደ። እዚያ ትምህርት ቤት ፍራንክ ዛፓን ተዋወቀ። አዎ፣ ያ ታዋቂው የሮክ ሙዚቀኛ ዛፓ! በ1969 "ትራውት ማስክ ሬፕሊካ" የሚለውን 28 ሥራዎች ያሉበት አልበም ፕሮዲውስ ያደረገለት እሱ ነው።

አልበሙ እንዴት ተሠራ? ቶሎ ልበላችሁ። ዶን ፒያኖ አይችልም። ግን ፒያኖው ላይ ቁጭ ብሎ የመጣለትን ይመታል። ድራመሩ ጆን ፍሬንች በኖታ ይጽፈዋል፣ ከዚያ ለጊታሩም ለቤዙም ያስጠናል። ሁሉም በየራሱ ምት ይሄዳል። የተለያዩ ምቶች በአንድ ጊዜ አብረው ሲሄዱ ማለት ነው፣ ፖሊሪትም ይሉታል። አንድ ቤት ውስጥ ለወራት ተዘግተው ነው የተለማመዱት። ሙዚቀኞቹ በኋላ እንደተናገሩት ምግቡ ትንሽ፣ የዶን ቁጣ ግን ብዙ ነበር። ሥራውን እወደዋለሁ፣ ያን በደል ግን ማንም "የጥበብ ሰው ጠባይ ነው" ብሎ እንዲያልፈው አልፈልግም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ይህን ሰው ባለፈው ጠቆም ሳደርግ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ጻፋችሁልኝ። "ዘፈኑ አልሸጥ ሲለው ነው ወደ ሥዕል የዞረው" አላችሁ። አይደለም ወገኖቼ! አልበሞቹ ብዙ አለመሸጣቸው እውነት ነው። ግን ዶን ከዘፈን በፊት ቀራፂ ነበር። ልጅ ሆኖ የእንስሳት ቅርጽ ይሠራ ነበር፣ ከአንድ ፖርቱጋላዊ ቀራፂ ጋርም ቴሌቪዥን ላይ ቀርቧል። ጥበብ ተማር ተብሎ ዕድል እንደመጣለትና ወላጆቹ እንደከለከሉት ራሱ ይናገር ነበር። ታዲያ የዞረው ወዴት ነው? ወደ ቤቱ ነው እንጂ!

የመንዝን በግ አስቡልኝ። ያ የጓሳ ብርድ የማይደፍረው በግ። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ሸማኔው ይሠራዋል። አንዱ ባና ይሆናል። ሌላው በርኖስ ይሆናል፣ ያ ትከሻው ላይ ሹል ያለው። እንግዲህ በርኖሱን አይቶ "ይሄ ባና መሆን ሲያቅተው በርኖስ ሆነ" የሚል ሰው አለ? የለም! ያው ጠጉር ነው። ባናን ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ክሩ እኩል አይደለም። እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይቀጥናል። አንዳንዴ የሣር ስባሪ ተፈትሎበት ታገኛላችሁ። ገላን ይኮሰኩሳል፣ ግን ይሞቃል! የዶን ድምፅ እንደዚያ ነው። ሻካራ፣ ጎርናና፣ አንዴ ከሆድ የሚወጣ አንዴ የሚጮህ። ሥዕሉም እንደዚያው ነው። እዚህ ቀለሙ ተቆልሏል፣ እዚያ ሸራው ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። መሀል ላይ ሰው ይሁን እንስሳ ያለየለት ፍጡር ቆሟል። ያው ጠጉር፣ ያው እጅ!

ለእኛስ ይሄ አዲስ ነው እንዴ? የአንኮበሩን ልጅ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን አትርሱ እንጂ። እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። የተመለሱት ግን ሠዓሊ ሆነው ነው። የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ እሳቸው ነው፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁኑኑ አድርጉ።

ዶን የመጨረሻ አልበሙን ያወጣው በ1982 ነው። ዘፈኑን ካልተውክ ሥዕልህን የዘፋኝ ትርፍ ጊዜ ሥራ ነው ይሉታል የሚል ምክር ደርሶት ነበር ይባላል። ተወው! በ1985 ኒውዮርክ፣ ሜሪ ቡን ጋለሪ ሥዕሎቹን አሳየ። ሠዓሊው ጁልያን ሽናብል ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያ በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ባሕሩ ዳር ሆኖ ሣለ። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ ሕመም አካሉን አደከመው። ታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. አረፈ፣ 70 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት።

ለእኔ ሥዕሎቹ ከዘፈኖቹ ይበልጣሉ። የማትስማሙ ጻፉልኝ፣ እንከራከር። ግን አንድ አደራ አለኝ። መጀመሪያ ሥዕሉን እዩ፣ ዘፈኑን ከዚያ ስሙ። በ1980 ያወጣው "ዶክ አት ዘ ራዳር ስቴሽን" ሽፋኑ ላይ ያለው የራሱ ሥዕል ነው። ከእሱ ጀምሩ።