የ1992ቱን ድሪም ቲም ከሌላ ዘመን ቡድኖች ጋር እንዴት እንመዝነው?

[ስክሪን ላይ፦ 89 ለ 55 / 70 ለ 47 / 117 ለ 85]

ሦስቱም የቅርጫት ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ ውጤቶች ናቸው። የመጀመሪያው በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ አሜሪካ ሶቭየት ኅብረትን ያሸነፈችበት ነው። ሁለተኛው በ2006 የዓለም ሻምፒዮና፣ ጃፓን ሳይታማ ላይ ስፔን ግሪክን የረታችበት። ሦስተኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የ1992ቱ ድሪም ቲም፣ ማለትም የኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) ኮከቦችን የያዘው የአሜሪካ ቡድን፣ ባርሴሎና ላይ ክሮኤሺያን ያሸነፈበት ነው። በዚህ ቪዲዮ የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነጥብ ልዩነቱን ብቻ ከቆጠራችሁ 34፣ 23 እና 32 ታገኛላችሁ፤ ስፔን መጨረሻ ትሆናለች። አሁን ደግሞ በየጨዋታው ከተቆጠረው ጠቅላላ ነጥብ አሸናፊው ስንት በመቶውን እንደወሰደ እናስላ። የ1956ቷ አሜሪካ 61.8 በመቶ፣ ስፔን 59.8 በመቶ፣ ድሪም ቲም 57.9 በመቶ። መጨረሻ የነበረችው ስፔን ሁለተኛ ሆነች፤ ድሪም ቲም መጨረሻ ወረደ። ለነገሩ የስፔንና የግሪክ ነጥብ ሲደመር 117 ነው፤ ድሪም ቲም በፍጻሜው ብቻውን ያስቆጠረው ማለት ነው። ስፔን ይህን ያደረገችው በግማሽ ፍጻሜው እግሩን የተጎዳው ፓው ጋሶል ሳይሰለፍ ነው። ግሪክ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት አሜሪካን 101 ለ 95 አሸንፋ የመጣች ነበረች።

ደረጃው የተገለባበጠው በፍጥነት ምክንያት ነው። ጨዋታው በፈጠነ ቁጥር የማጥቃት ዙሮቹ (አንድ ቡድን ኳስ ከያዘበት ለተጋጣሚው እስከሚያልፍበት ያለው) ይበዛሉ፣ ነጥቡም ይበዛል፣ ልዩነቱም አብሮ ይሰፋል። ስለዚህ የሁለት ዘመን ቡድኖችን ከማወዳደር በፊት ፍጥነቱን ማስተካከል ግድ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ የማጥቃት ዙር = ሙከራ − የማጥቃት ሪባውንድ + የባከነ ኳስ + 0.44 × ነጻ ውርወራ]

የተሟላ የጨዋታ መዝገብ ካገኛችሁ አሠራሩ ይህ ነው። ቡድኑ ወደ ቅርጫት የሞከረውን ቁጥር ያዙ። ስቶ መልሶ ራሱ የያዛቸውን ኳሶች ቀንሱ፤ ያው ዙር ስለሚቀጥል ነው። ያባከናቸውን ኳሶች ደምሩ። ነጻ ውርወራዎቹን በ0.44 አባዝታችሁ ጨምሩ። 0.44 የሆነው ሁለት ውርወራ ብዙ ጊዜ አንድ ዙር ስለሚጨርስ፣ ቅርጫት ካስቆጠረ በኋላ የሚሰጥ አንድ ተጨማሪ ውርወራ ግን አዲስ ዙር ስለማይከፍት ነው። ለምሳሌ 68 ሙከራ፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 12 የባከነ ኳስ፣ 25 ነጻ ውርወራ ቢኖር፦ 68 ሲቀነስ 10፣ ሲደመር 12፣ ሲደመር 11፣ ውጤቱ 81 ዙር ነው። ቡድኑ 105 ነጥብ ካስቆጠረ በ100 ዙር ወደ 130 ነጥብ ገደማ ማለት ነው። የተጋጣሚውንም እንዲሁ አስልታችሁ ትቀንሳላችሁ። የድሮ መዝገቦች የባከነ ኳስንና የማጥቃት ሪባውንድን ብዙ ጊዜ አይዙም፤ ያኔ ቀደም ብለን የሠራነው የመቶኛ ድርሻ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚስትበት ሌላው ነገር ደቂቃ ነው። በፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፤ በኤንቢኤ 48። ድሪም ቲም በስምንት ጨዋታ በአማካይ 117.25 ነጥብ አስቆጥሯል። ይህን ከኤንቢኤ ቡድን አማካይ ጋር እንዲሁ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ስሕተት ነው፤ በ1.2 ሲባዛ 140.7 ይሆናል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ኦሊምፒክ ላይ የሦስት ነጥብ መስመር የታየው በ1988 ሴኡል ነው። ርቀቱ 6.25 ሜትር ነበር፤ ከ2010 ጀምሮ 6.75 ሆኗል። በዚያው ለውጥ ከቅርጫቱ ሥር ያለው ሳጥን ከትራፔዝ ቅርጽ ወደ አራት ማዕዘን ተቀይሯል። የማጥቂያ ሰዓቱ እስከ 2000 ድረስ 30 ሰከንድ ነበር፤ ከዚያ 24 ሆነ። እነ ኦስካር ሮበርትሰንና ጄሪ ዌስት የነበሩበትን የ1960 የሮም ቡድን ስታዩ ከሩቅ የገባው ኳስ ሁሉ ሁለት ነጥብ እንደነበር አትርሱ።

ዞን መከላከል፣ ማለትም ተጫዋች ከመከተል ይልቅ ቦታ ይዞ መጠበቅ፣ ደግሞ በፊባ ሕግ የተፈቀደ ነው፤ ኤንቢኤ ግን እስከ 2001 ይከለክል ነበር። ከሩቅ የሚያገባ ተጫዋች የሌለው ቡድን ዞን ሲገጥመው ምን እንደሚደርስበት የ2004ቷ አሜሪካ አቴንስ ላይ አሳይታለች። ፖርቶ ሪኮ ከቅርጫቱ ሥር ሞልታ ጠበቀቻት። አሜሪካ ከ24 የሦስት ነጥብ ሙከራ 3 ብቻ አገባችና 92 ለ 73 ተሸነፈች። ቡድኑ እነ ቲም ደንካንና አለን አይቨርሰንን ይዞ ነበር፤ የጎደለው ዞኑን ከሩቅ የሚበታትን ሰው ነው።

[ስክሪን ላይ፦ አማካይ ልዩነት፦ 1956 – 53.5 / 1960 – 42.4 / 1992 – 43.8 / 2008 – 27.9]

ይህን ሰንጠረዥ ብዙ ቦታ ታገኙታላችሁ፤ እንዳለ አትቀበሉት። ቢል ረስልና ኬ.ሲ. ጆንስ የነበሩበት የ1956ቱ ቡድን አማካይ ይህን ያህል ከፍ ያለው በከፊል ታይላንድን 101 ለ 29 ስላሸነፈ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ጨዋታ ብቻውን የስምንት ጨዋታን አማካይ ወደ ላይ ይጎትታል። ስለዚህ ለየቡድኑ፣ ሜዳሊያ ካገኙ ወይም ግማሽ ፍጻሜ ከደረሱ ተጋጣሚዎች ጋር የተደረጉትን ጨዋታዎች ብቻ ለዩና እንደገና አስሉ።

እኛ ከሁሉ በላይ የምናምነው መለኪያ ግን ሌላ ነው፤ ብዙም ሲነገርለት አንሰማም። በአንድ ውድድር ውስጥ ሁለት ጊዜ የተገናኙ ቡድኖችን ፈልጉና ሁለቱን ውጤቶች አስተያዩ። ተጫዋቾቹ ያው፣ ሕጉ ያው፣ የተለወጠው ዝግጅቱና ግፊቱ ብቻ ነው። አሰልጣኙ አንድ ጊዜ ተሸንፎ ያየውን ይዞ ይመለሳል፤ ታላቅ የሚባለው ቡድን ያን ተቋቁሞ ማሸነፍ አለበት።

ከ2024 ፓሪስ እንጀምር። አሜሪካ ሰርቢያን በምድብ ጨዋታ 110 ለ 84 አሸነፈች። የ26 ነጥብ ልዩነት ነው። ያን ቀን ኬቪን ዱራንት ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ የሞከራቸውን የመጀመሪያ ስምንት ኳሶች በሙሉ አገባ፤ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይደገምም። በግማሽ ፍጻሜው ሁለቱ ሲገናኙ ሰርቢያ እስከ 17 ነጥብ መራች። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ 76 ለ 63 ነበር። አራተኛውን ሩብ አሜሪካ 32 ለ 15 ወስዳ 95 ለ 91 ወጣች። ስቴፈን ከሪ 36 ነጥብ አስቆጠረ፤ 9 ሦስቶች ነበሩበት። በፍጻሜውም ፈረንሳይ ላይ ያስቆጠራቸው 24 ነጥቦች ከ8 ሦስቶች የመጡ ናቸው። ስለዚህ 26 የነበረው ልዩነት 4 ሆነ።

በ2008 ቤጂንግም እንዲሁ ነው። ኮቢ ብራያንት፣ ሌብሮን ጄምስና ድዌይን ዌድ የነበሩበት ቡድን ስፔንን በምድብ 119 ለ 82 ቀጠቀጣት። በፍጻሜው ግን ስፔን በአራተኛው ሩብ 91 ለ 89 ድረስ ተጠጋች፤ ጨዋታው በ118 ለ 107 ነው ያለቀው። ከ37 ወደ 11።

[ስክሪን ላይ፦ 1992፣ አሜሪካ – ክሮኤሺያ፦ 103 ለ 70፣ ከዚያ 117 ለ 85]

ድሪም ቲም ክሮኤሺያን መጀመሪያ በ33፣ ከዚያ በ32 ነጥብ ነው ያሸነፈው። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ከውስጥ ስታዩት ደግሞ ክሮኤሺያ በሁለተኛው ጨዋታ እጅግ ተሻሽላ ነው የቀረበችው። በመጀመሪያው ጨዋታ ስኮቲ ፒፐንና ማይክል ጆርዳን ቶኒ ኩኮችን ተቀባብለው አፈኑትና በ4 ነጥብ ብቻ ወጣ። የሁለቱ ክለብ ቺካጎ ቡልስ ኩኮችን ለማምጣት ሲለማመጠው ስለነበር ቂም ይዘውበት ነበር ይባላል። በፍጻሜው ኩኮች 16፣ ድራዤን ፔትሮቪች 24 ነጥብ አስቆጠሩ፤ ክሮኤሺያ በመጀመሪያው አጋማሽ 25 ለ 23 መርታም ነበር። ያም ሆኖ መጨረሻው ያው ሆነ። አሰልጣኙ ቸክ ዴሊ በስምንቱም ጨዋታ አንድ ታይም አውት እንኳን አልጠየቀም። በዚህ መለኪያ ከድሪም ቲም ጎን የሚቆመው የ1956ቱ ቡድን ነው፤ ሶቭየቶችን 85 ለ 55፣ ቀጥሎ 89 ለ 55 አሸንፏል።

ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ቡድኖች በዚሁ መለኪያ ሌላ ዓይነት ችሎታ ያሳያሉ፤ ተሸንፎ መማርን። በ1988 ሴኡል ሶቭየት ኅብረት የመጀመሪያ ጨዋታዋን በዩጎዝላቪያ 92 ለ 79 ተሸንፋ ነበር የጀመረችው። በፍጻሜው ያንኑ ቡድን 76 ለ 63 አሸነፈች። በ13 ተሸንፋ በ13 አሸነፈች ማለት ነው። ጠቅላላ ነጥቡ ከ171 ወደ 139 መውረዱን አስተውሉ፤ ሁለተኛው ጨዋታ በጣም የቀዘቀዘ ነበር። በመካከል ደግሞ አሜሪካን በግማሽ ፍጻሜ 82 ለ 76 ጥላለች። የቡድኑ ምሰሶዎች ሳቦኒስ፣ ማርቹሊዮኒስ፣ ኩርቲናይቲስና ሆሚቹስ አራቱም ሊቱዌኒያውያን ናቸው። የ2004ቷ አርጀንቲናም በምድብ በጣሊያን 76 ለ 75 ተሸንፋ በፍጻሜው 84 ለ 69 አሸንፋታለች፤ አሜሪካን 89 ለ 81 ባሰናበተችበት ግማሽ ፍጻሜ ማኑ ጂኖቢሊ 29 ነጥብ ነበረው።

እንግዲህ ድሪም ቲም አንደኛ ነው ብሎ መዝጋት ይቀል ነበር፤ ግን ተጋጣሚዎቹ ያልተሟሉ ነበሩ። በ1990 ቦነስ አይረስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ዩጎዝላቪያ አሜሪካን 99 ለ 91፣ ሶቭየትን በፍጻሜው 92 ለ 75 አሸንፋ ነበር፤ የኤንቢኤ ተጫዋቾች ያልነበሩበት የአሜሪካ ቡድን እንደነበር ግን ልብ በሉ። ያ ቡድን ፔትሮቪችን፣ ኩኮችንና ቭላዴ ዲቫችን ባንድ ላይ ይዞ ነበር። በ1991 የአውሮፓ ሻምፒዮና መሐል ስሎቬኒያ ነፃነቷን ስታውጅ ተከላካዩ ዩሪ ዝዶቭች ከቡድኑ እንዲወጣ ተደረገ፤ የአገሪቱ መፍረስ ሜዳ ውስጥ ገባ። ባርሴሎና ላይ ክሮኤሺያ ለብቻዋ ቀረበች፤ ዲቫች የሚጫወትላት ዩጎዝላቪያ በማዕቀብ ምክንያት በቡድን ስፖርት አልተወዳደረችም። ሶቭየትም ፈርሳ ነበር፤ ሊቱዌኒያ ነሐስ ወሰደች፣ ኅብረቱን የተካው ቡድን አራተኛ ወጣ። ስለዚህ ድሪም ቲም የዘመኑን ሁለት ትልልቅ ተቀናቃኞች ሙሉ ሆነው አልገጠማቸውም። ቢገጥማቸው ይሸነፍ ነበር ማለታችን አይደለም፤ 43.8 የሚለው አማካይ ግን ይቀንስ ነበር።

ሌላው ወጥመድ ስም መቁጠር ነው። አንድ ተጫዋች በሙሉ የሥራ ዘመኑ ያገኘው ክብር ሌላ፣ በዚያ በጋ የነበረው አቅም ሌላ ነው። በ1992 ላሪ በርድ የ35 ዓመት ሰው ነበር፤ ጀርባው ተጎድቶ ከኦሊምፒኩ በኋላ ወዲያው ጫማውን ሰቅሏል። ማጂክ ጆንሰን የ1991–92ን የውድድር ዘመን አልተጫወተም። የቡድኑ ቀዳሚ አግቢ ቻርልስ ባርክሊ ነበር፣ በአማካይ 18 ነጥብ። በ2024 ደግሞ ሌብሮን 39፣ ከሪ 36፣ ዱራንት 35 ነበሩ። በወረቀት ላይ ስማቸውን ስታነጻጽሩ የ2012 ሌብሮንን እያሰባችሁ እንዳይሆን።

[ስክሪን ላይ፦ 1992 ከ2024]

ሁለቱ ቢገናኙስ? መጀመሪያ በየትኛው ሕግ የሚለው ይወሰን። የ1992ቱ ሕግ ለድሪም ቲም ያደላል ብሎ የሚገምት ብዙ ነው። መስመሩ 6.25 ሜትር ላይ ሲሆን ግን የሚጠቀመው ከሪ ነው፤ ከዛሬው ግማሽ ሜትር ይቀርብለታል። በ1991–92 የኤንቢኤ ቡድኖች በጨዋታ 8 ገደማ ሦስቶችን ይሞክሩ ነበር፤ በ2023–24 35 ገደማ። ድሪም ቲም ከሩቅ የሚታመንባቸው በዋናነት ክሪስ ሙሊንና በርድ ነበሩ። ፓትሪክ ዩዊንግና ዴቪድ ሮቢንሰን በለመዱት መንገድ ቅርጫቱ ሥር ቢጠብቁ ከውጭ ይቀጣሉ፤ ወደ ውጭ ቢወጡ ሥሩ ክፍት ይሆናል። በሌላ በኩል የፓሪሱ ቡድን በኳስ ተሸካሚው ላይ ጆርዳንና ፒፐንን የሚያህል ጥንድ ተከላካይ ገጥሞት አያውቅም።

ነገ ያለ ዝግጅት ቢገናኙ የፓሪሱ ቡድን ያሸንፋል፤ በሂሳብ ብቻ ይቀድማል። ለድሪም ቲም አንድ ወር ልምምድና የዛሬ ጨዋታ ቅጂዎች ስጡትና ሁለት ጊዜ አገናኟቸው፤ ሁለተኛውን ድሪም ቲም ይወስዳል ብለን እንገምታለን።